የእማማ ባየሽ ፊርማ

ሀይለየሱስ በመኪናው መንገደኞችን ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ሲያመላልስ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው። ቤቱ ዴ ሞይን የሚባል ሰፈር ነው፤ ልቡ ግን ሬኒየር ቫሊ ካለችው የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አይወጣም። እዚያ ትልቅ ሰው ነው። ሰባኪ ሆኖ አይደለም፤ ድምፁም ለመዝሙር አይሆንም። የምርጫ ወረቀት አንባቢ ነው።

እዚህ አገር የምርጫ ወረቀት በፖስታ ተልኮ እስከ መኖሪያ ቤት ይመጣል። እንግሊዝኛው የከበዳቸው አዛውንት ፖስታቸውን በቦርሳ ይዘው እሁድ ከአምልኮ በኋላ ይሰለፋሉ። ሀይለየሱስ መነጽሩን ያጠልቅና አጭር ጸሎት አድርሶ የትኛዋ ክብ እንደምትጠቆር በጣቱ ያሳያል። ጣቱ ሁልጊዜ የሚያርፈው ወግ አጥባቂዎቹ ላይ ነው። «ለቤተሰብ የቆሙት እነዚህ ናቸው» ይላል። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚሰማው ሬዲዮ ያስተማረው ነው፤ ስለ ጋብቻ፣ በማሕፀን ስላለ ሕፃን፣ ከትምህርት ቤት ስለቀረ ጸሎት። ደግሞም ከልቡ ያምናል። ባያምን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

«ዳድ፣ ዴይ ዶንት ሚን አስ» ትለው ነበር ልጁ ሃሌሉያ።

«ቤተሰብ ሲሉ እኛን አይጨምርም ነው የምትይኝ? ኦኬ፣ አንቺ አወቅሽ!» ብሎ ይስቅባታል።

ከተሰላፊዎቹ ፊት የማይጠፉት እማማ ባየሽ ናቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ አርጅተው፣ ዜግነት ሲያገኙ ስማቸውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ተማሩ። ፖስታው ላይ ሲፈርሙ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው፤ ሲጨርሱ ደግሞ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዩታል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ ዱሬሳ ይባላል። ናይሮቢ በስደት ስምንት ዓመት ኖሮ፣ ቃለ መጠይቁንም አሻራውንም የሳንባ ምርመራውንም አልፎ፣ ለጥር መጨረሻ ወደዚህ የሚመጣበት ትኬት ተቆረጠለት። እማማ ባየሽ አልጋ ገዙ። ወፍራም ጃኬትም ገዝተው በር ላይ ሰቀሉለት።

ምርጫው በጥቅምት መጨረሻ ነበር፤ ወግ አጥባቂዎቹ አሸነፉ። ሀይለየሱስ ምድር ቤቱ ውስጥ እጁን አንሥቶ አመሰገነ። በጥር አዲሱ መንግሥት በገባ በቀናት ውስጥ የስደተኞች ጉዞ ተሰረዘ። የዱሬሳም ትኬት አብሮ ተሰረዘ።

ከምርጫው በፊት ምድር ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ሳምቡሳ በልቶ፣ ከአዛውንቱ ጋር ፎቶ የተነሣ አንድ የወግ አጥባቂዎቹ ቀስቃሽ ነበር። ሀይለየሱስ አሥራ አንድ ጊዜ ኮል አደረገለት። በመጨረሻ ሰውየው አነሣና፣ ዱሬሳ በሕጋዊ መንገድ ቢመጣ ይሻለው እንደነበር ነገረው።

«ሕጋዊ እኮ ነው! ስምንት ዓመት ወረፋ ጠብቆ!»

ሰውየው «እጸልይለታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አይ ለቤተሰብ መቆም! ላልተወለደው እንዲያ ጉሮሯቸው እስኪነቃ የጮኹ ሰዎች፣ ተወልዶ አድጎ እናቴ ጋ ልሂድ ያለውን ከደጅ መለሱት። ሀይለየሱስ የዚያን ቀን ሬዲዮውን አጠፋው። ኤርፖርት በር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ ማየት ስላቃተው፣ መንገደኛው ገብቶ እስኪያልቅ መሪው ላይ አቀርቅሮ ይጠብቃል።

ዱሬሳ ቁጥሩን ከእናቱ ተቀብሎ በየእሁዱ ከአምልኮ በኋላ ለሀይለየሱስ ይደውልለታል። «ጋሼ፣ አዲስ ነገር አለ?»

«እየተጸለየ ነው» ይለዋል። የማንን ቃል እንደተዋሰ ያውቃል።

እንዲህ እንዲህ እያለ መኸር መጣ፤ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ደረሰ። ሀይለየሱስ ማንም እንዳይመጣበት ምድር ቤቱ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ሳለ፣ እማማ ባየሽ ፖስታቸውን ይዘው ከች አሉ።

«ልጄ፣ እንደ አምናው አርግልኝ። እነዚያን ለቤተሰብ የቆሙትን።»

እስክሪብቶውን አልተቀበላቸውም። «እማማ፣ ዱሬሳን ያስቀሩት እኮ እነሱ ናቸው።»

«እነማን?»

«አምና ያጠቆርንላቸው። ያሳየሁዎት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

እንዲቆጡት ፈለገ። ቢረግሙት እንኳ ደስታው ነበር። እሳቸው ግን ፖስታውን ገልብጠው ስማቸው የሚጻፍባትን መስመር በጣታቸው ዳበሱ።

«የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«በገዛ እጄ» አሉ ለራሳቸው።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የሀይለየሱስ ስልክ ነዘረ። የናይሮቢ ቁጥር ነው። ሁለቱም አዩት።

«እንዳትነግረው» አሉ እማማ ባየሽ እጁን ጨብጠው። «እናትህ ናት የፈረመችው እንዳትለው።»

ሀይለየሱስ አነሣው።

«ጋሼ፣ አዲስ ነገር አለ?»

እጁን አልለቀቁትም።

«እየተጸለየ ነው» አለው።