ገቢሳ የመረጠው ብሮውዘር

ገቢሳ ዱጋሳ በዕድሜው ራሱ መርጦ ያደረገው ነገር ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። አምቦ ያለውን የቤቱን ቆርቆሮ ቀለም ጎረቤት መረጠለት። የሠርግ ሱፉን አጎቱ መረጠ፤ እጅጌው ጣቱን ይሸፍን ነበር፤ ግን አጎትን «ይቅርብኝ» የሚል ማን ነው? መሥሪያ ቤቱም መዝገብ ቤት ያስቀመጠው «አንተ ትዕግሥተኛ ነህ» ብሎ ነው፤ እሱም ሃያ ዓመት ሙሉ ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ኖረ። ትዕግሥት ይሁን ይሉኝታ የምታውቀው ሚስቱ ለንሳ ብቻ ናት። እንግዳ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ጥርሱን ሲያፋጭ የምትሰማው እሷ ናታ።

በ2005 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ግን ገቢሳ አንድ ነገር ራሱ መረጠ።

ሳሎኑ ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ አያይዟል። መዝሙሩም ስብከቱም ፊልሙም የሚታየው በዚያ ነው። ኢንተርኔቱ መስኮቱ ላይ ከተንጠለጠለች መቀበያ ይመጣል፤ ይመጣል ስንል ደስ ሲለው ነው። የቀረው በየትኛው ብሮውዘር ይከፈት የሚለው ነበር። በዚህ ጉዳይ ደግሞ አምቦ ውስጥ አዋቂ ያልሆነ ሰው የለም። ኮምፒውተር ጠጋኙ ዲንሳ «ኦቦ ገቢሳ፣ ከኦፔራ ሌላ ምን አለ?» ብሎ ኦፔራ ጫነለት። የቀድሞ አለቃው አቶ ተድላ ሻይ ሊጠጡ ገብተው «መንግሥት የሚሠራበትን ትተህ!» አሉና ኤክስፕሎረሩን ከፊት አስቀመጡት። ገቢሳ ለሁሉም «እሺ» አለ።

ነገሩ የመዝናኛ ቢሆን ኖሮ እሺ እንዳለ ይኖር ነበር። ጉዳዩ ግን የእናቱ የአዴ መቲ ዐይን ነው። ሐኪሙ «የዐይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን» ብሏቸዋል። ግራና ቀኙ ጨልሞባቸው ከፊት ለፊት ያለውን፣ ያውም ትልቅ ከሆነ ብቻ ያያሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ሞቲ ለትምህርት ሕንድ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲመረቅ መድረክ ላይ ወጥቶ ያደረገውን ንግግር ጓደኛው ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስልክ ላይ ሞቲ ለእሳቸው ዐይን አንዲት የምስር ፍሬ ነው። ፎቶውን አሳጥበው ቢሰጧቸው «ፎቶማ ዝም ይላል» አሉ። ልጃቸውን ሲናገር ማየት ነው የፈለጉት፤ የቀረው ብርሃን ሳይዘጋባቸው።

ስለዚህ ገቢሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ እየተመለሰ ብሮውዘር ሲፈትን ከረመ። በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አንዱ ድምፁን አስቀድሞ ምስሉን ያስከትላል፤ ሌላው ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ ይደርቃል። በፋየርፎክስ ግን ቪዲዮውን ከፍተው ቢያቆሙት መጫኑን ቀስ እያለ ይቀጥላል፤ የተጫነውን የምታሳየው ግራጫ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበች ዳር ትደርሳለች። ችግሩ፣ ገጹ ከተዘጋ ሁሉም ነገር ከዜሮ ነው። «በቃ፣ ፋየርፎክስ» አላት ለንሳን፣ ሹመት እንደተሰጠው ሰው ደረቱን ነፍቶ።

አዴ መቲ ከሚኖሩበት ከጌዶ ሐሙስ መጡና ሐኪም ቤት ደርሰው ገቢሳ ቤት አደሩ። ቅዳሜ ጤፋቸውን የሚያጭድ ደቦ ስለሚገባ ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ሚኒባስ መያዝ አለባቸው። ገቢሳ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ቪዲዮውን ገና ሲነጋ ከፍቶ አቆመው። ተቆራርጦ እንዳያዩት ፈልጎ ሙሉው እስኪጫን ጠበቀ። ስድስት ሰዓት ላይ መጫኑ ዘጠነኛው ደቂቃ ደረሰ።

ያኔ መምህር ደግፌ ገባ። ደግፌ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር ጎረቤት ነው፤ የመጣውም እናትየውን ሊጠይቅ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ መቲ?» አለና ሳይቀመጥ ዐይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ። «ኦቦ ገቢሳ፣ ይሄ ነገር ቆሞባችኋል እኮ!»

«አይ፣ እየጫነ ነው...» አለ ገቢሳ። «እባክህ ተወው» የሚለውን ግን ይሉኝታ ዋጠው።

«በፋየርፎክስ? በክሮም ነው እንጂ!» ደግፌ ማውሱን ያዘ። አንዴ ጠቅ፣ ሁለቴ ጠቅ። ገጹ ተዘጋ። የስድስት ሰዓት ልፋት ድራሹ ጠፋ።

ለንሳ ባሏን አየችው፤ በል ተናገር የሚል አስተያየት ነው። ገቢሳ በንዴት ጋለ፤ አፉ ግን «እሺ፣ እንሞክረው» አለ። ሞከሩት። ደግፌ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ «ዛሬ ኔትወርኩ ነው ያስቸገረው» አለና ተነሣ። ገቢሳ እስከ አጥር በር ሸኘው። «ተባረክ» ብሎም አመሰገነው!

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የተጫነው ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

«ያለውን እንይ በቃ» አለና ገቢሳ ከፈተው። ሞቲ ጥቁር ካባ ለብሶ ማያውን ሞላው፤ ድምፁም መጣ። አዴ መቲ ከሶፋው ተነሡ። «ኢልመኮ» አሉ፤ «ልጄ ነው። ከስቷል።» አንድ ክንድ ያህል ሲቀራቸው ቆሙና ጭንቅላታቸውን ወዲያና ወዲህ እያደረጉ ግንባሩን፣ ዐይኑን፣ አገጩን በየተራ ፈለጉ። ከዚያ ጉንጩ ላይ ሊያሳርፉት እጃቸውን ዘረጉ።

«አትንኪው!»

ቤቱ ጮኸ። ገቢሳ ራሱ ደነገጠ። ለዲንሳ፣ ለአቶ ተድላ፣ ለደግፌ ያልወጣው ቃል ለእናቱ ወጣ።

አዴ መቲ እጃቸውን ሰብስበው ከነጠላቸው ሥር ከተቱት። «ይበላሻል እንዴ? አላወቅሁም፤ ይቅርታ» አሉ፤ ሰው ቤት ዕቃ የሰበረ እንግዳ እንደሚለው።

«አይበላሽም! ምንም አይሆንም፤ ንኪው፣ እባክሽ ንኪው» አለ ገቢሳ። እጃቸውን ከነጠላው ሥር ፈልጎ ያዘና ወደ ማያው ወሰደው። ግን የተጫነው አልቆ ሞቲ ጠፍቶ ነበር። ጥቁሩ ማያ ላይ አንዲት ክብ ብቻ ትሽከረከራለች። መዳፋቸው እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ይቀዘቅዛል» አሉ። ገቢሳ ሲያለቅስ ሰምተው ወደ ድምፁ ዞሩ። «ተው፣ ምን ሆንክ? ሲመጣ ራሱን ዳስሼ አየዋለሁ።»

ለንሳ ከበር ላይ ሚኒባሱ እንዳያመልጣቸው ተጣራች።