ክሎሪን ለባላባት፣ ክሎሪን ለሰፊው ሕዝብ

መካነ ሰላም ላይ የመዋኛ ገንዳ ነበረ ስል የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። ይሳቁ። ስጠርገው፣ ስጠብቀው፣ ክሎሪን ስጨምርበት የኖርኩ እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነውና ጽሑፌ ሊንጋደድ ይችላል። ነገሩ ግን አይንጋደድም።

ገንዳው የጌታዬ ነበረ። ጌታዬ ያገሩ ባላባት ነው። ያኔ ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ አሁን «እሱ» ይበቃዋል። አዲስ አበባ አንድ መኰንን ግቢ ውስጥ ገንዳ አየና ቅናት ይዞት ተመለሰ። ጓሮውን አስቆፈረ፣ በሲሚንቶ አስለሰነ፣ ከላይ ካለው ምንጭ ውሃ በቦይ አስጠለፈ። ሰውየው ግን ዋና አያውቅም። አገሩ ደጋ ነው፣ ውሃው አጥንት ይሰብራል። እንግዳ ሲመጣ እስከ ወገቡ ይገባና ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ይኸ ነው ኑሮ» ይላል። እንግዳውም ጋቢውን ተከናንቦ ከዳር «እንዴታ» ይላል። ከዚያ ሁለቱም እሳት ዳር ይሮጣሉ።

ገንዳውን የሠራው ግንበኛ ከመሄዱ በፊት ሦስት ዓይነት ክሎሪን አሳይቶኝ ነበር። «ይኸ ክኒኑ ነው» አለኝ፤ እንደ ትልቅ ሳሙና ድቡልቡል ያለ። «ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ሌላ ቅመም አለበት፣ ለመዋኛ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ይኸ ፈሳሹ በረኪናው ነው፤ ከቆየና ፀሐይ ካየ ጉልበቱ ያልቃል፣ አትመነው። ይኸ ዱቄቱ ግን ለዋናም ለመጠጥም ይሆናል። ውሃ ባልዲ ውስጥ ቀድመህ ታደርጋለህ፣ ዱቄቱን በላዩ ትነሰንሳለህ፤ ውሃውን በዱቄቱ ላይ እንዳታፈስ። አተላው ሲረጋ ከላይ የጠራውን ብቻ ትጨምራለህ። ሦስቱን ደግሞ አንድ ላይ የቀላቀልክ ቀን አንተን አያድርገኝ።»

ለጌታዬ ይህን ብነግረው የጠየቀኝ «የቱ ይወደዳል?» ብሎ ነው። ክኒኑ አልኩት። «እንግዲያው ክኒኑ» አለ። ምርጫው ይኸው ነበር።

ገንዳው አልነበረም የመረረኝ። በዚያ ቤት የመረረኝ መቅመስ ነው። ጠጅ ሳቀርብ መጀመሪያ ከብርሌው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እሱ እያየ መቅመስ ነበረብኝ። መርዝ ካለበት እኔ ልሙት ነው እንግዲህ። የአሳላፊ ወጉ ነው። አብዮቱ መጥቶ ቤቱ ሲወረስ፣ ጌታዬም አገር ለቆ ሲሄድ፣ መዳፌን በሱሪዬ ጠርጌ ማልሁ፤ ለማንም ሰው ሁለተኛ አልቀምስም። ቀበሌው እኔን ለዚያው ግቢ ዘበኛ አድርጎ አስቀረኝ። መዳፌ ግን የራሴ ሆነች።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ ግቢው መጠለያ ሆነ። ሰው ከለጋምቦም ከጃማም እየተንጠባጠበ ገባ። ታላቅ እህቴም ከአቀስታ በላይ ካለው ብርድ አገር ዱላዋን ተደግፋ በእግሯ መጣች። ቤተሰባችን ውስጥ ግትር የሚባለው እኔ ነኝ፤ ከእሷ ጋር ስተያይ ግን እኔ ጥጥ ነኝ።

ለመጠለያው የመጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ሌላ ዕቃ ስላልነበረ ገንዳው ይሙላ ተባለ። የመጠለያው ካድሬ ዕቃ ቤት ገባ፤ እኔና ድሬሰሩ ተከተልነው። ድሬሰሩ አዲስ ተመድቦ የመጣ የጤና ሠራተኛ ነው፣ ትንሽ ልጅ፣ ጫማውን እያየ የሚናገር። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የጌታዬ ክኒን በካርቶን፣ ዓመታት ያስቆጠረ በረኪና በጀሪካን፣ በእርዳታ መኪና የመጣ ዱቄት ደግሞ በእሽግ በርሜል አለ።

«ባላባቱ የቱን ነበር የሚጠቀመው?» አለ ካድሬው።

«ክኒኑን፣ ጓድ።»

«ውዱ እሱ ነው?»

«ነው። ግን...»

«ግን የለም። ባላባቱ በውዱ ሲንደላቀቅ ኖሮ፣ ሰፊው ሕዝብ በርካሹ ዱቄት? ክኒኑ ይገባ።»

«ባላባቱ ጠጥቶት አያውቅም ጓድ። ተዘፈቀበት እንጂ። ይኸ ሕዝብ ደግሞ ሊዋኝ አልመጣም።»

ድሬሰሩ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ካድሬው አልሳቀም። «አንተ የፊውዳል ርዝራዥ ነህ፤ ለሕዝቡ ጥሩ ነገር ሲደርሰው ያንገበግብሃል» አለኝና ወጣ። እሱ ራሱ የሚጠጣው ከከተማ በጠርሙስ የሚመጣለትን ነው። ጌታዬና ካድሬው አንድ ቀን ተያይተው አያውቁም። ክሎሪን ሲመርጡ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

«ዱቄቱ ነው ልክ፣ አይደል?» አልኩት ድሬሰሩን።

«ልክ ነው አባባ» አለ ለጫማው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

የበርሜሉን እሽግ መፍታት ጀመረ። እኔም ክርክሩን ትቼ ክኒኑን ከጓሮ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ካድሬው ዳግመኛ አልጠየቀም። እሱን የሚያስደስተው ማዘዙ ነው።

ውሃው ከመግባቱ በፊት ሌላ ነገር ተነሣ። እህቴ ገንዳውን ዞር ዞር ብላ አየችና ተጸየፈች።

«ያ ሰውዬ የታጠበበት ዕቃ አይደለም ይኸ?»

«ነው፣ እታለም። ደርቆ ስንት ዓመቱ።»

«ጋን እንኳ ሳይታጠብ ጠላ አይጠነሰስበትም። የሰው ገላ እጣቢ ላይ ውሃ ልጠጣ?» አለችና ሴቶቹን አስከትላ ወጣች። ግራዋ ቅጠል በጉያቸው ሞልተው መጡ። ጋን እንደሚያጥቡ ገንዳው ውስጥ ገብተው ግድግዳውንም መሬቱንም በግራዋ ፈተጉት። እኔም አጠገባቸው ቆሜ «ደግ አደረጋችሁ» አልኩ። ይኸን የምጽፈው ካድሬው ብቻ ሞኝ እንዳይመስል ነው። ጋን ታጥቦ ይገለበጣል፤ ገንዳን ማን ይገለብጠዋል? ሲሚንቶው ሸካራ ነው። የቅጠሉ ፍርፋሪ በየስንጥቁ ተጣብቆ ቀረ። ደህና አድርገን ሳናለቀልቀው፣ ጎብኚ ይመጣል ብሎ ካድሬው የምንጩን ውሃ አስለቀቀበት።

ዱቄቱን ግንበኛው ባሳየኝ መንገድ በጠብጬ ጨመርኩ። እሱ ሲያስተምረኝ «ቆይተህ አሽትተው፤ ትንሽ መሽተት አለበት። ካልሸተተ ክሎሪኑ አልቋል ማለት ነው» ብሎኝ ነበር። ቆይቼ አሸተትኩ። የግራዋ ሽታ ብቻ። ልኩን ያሳነስኩ መሰለኝና ጥቂት ጨመርኩ። አሁንም ግራዋ። ካድሬው ደግሞ ደስ አለው፤ «በባላባቱ ዘመን ይሸት ነበር ይላሉ፣ አሁን ግን ምንም አይሸትም» እያለ ለጎብኚዎቹ ያስረዳል። ሕዝቡም ውሃው ጣፋጭ ነው ብሎ እየመረቀን ጠጣ።

ወዲያው ተቅማጥ ተነሣ። እህቴም ከተኙት አንዷ ሆነች። በሁለት ቀን ዓይኗ ጎደጎደ፣ የእጇ ቆዳ ቢቆነጥጡት ተቆንጥጦ ይቀራል። ድሬሰሩ ስኳርና ጨው በውሃ እየበጠበጠ ያድላል። ውሃው ግን ያው የገንዳው ውሃ ነው።

ድሬሰሩን ይዤው ወደ ገንዳው ወረድኩ። እጄን ሰድጄ ከስንጥቁ አረንጓዴ ዝቃጭ አወጣሁና አሳየሁት። አሁን ቀና አለ።

«አባባ፣ ክሎሪኑ ቅጠሉን ሲበላ ነው የዋለው» አለ። «ቅጠሉን ሲበላ ወደ በሽታው ሳይደርስ ያልቃል። ውሃው ቢደፋ ነበር የሚሻለው።»

በድርቅ ዘመን የገንዳ ውሃ የሚደፋ ሰው ምን እንደሚደረግ እኔም እሱም እናውቃለን። ዝቃጩን በወንፊት ለቀምን፣ ስንጥቁን በብሩሽ ጠረግን። ከዚያ ዱቄቱን እየበጠበጥን፣ እየቆየን፣ እያሸተትን ጨመርን። አንድ ባልዲ በላ። ሌላም በላ። ሲጠግብ ታወቀ፤ ያቺ የማውቃት ሽታ ቀጠን ብላ መጣችና ሳትጠፋ ቆየች። በድሬሰሩ ፊት ላይ ፈገግታ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደስታችን ብዙ አልቆየም፤ ሰው ሁሉ «ሸተተ» ብሎ ጀርባውን ሰጠ። ጣፋጩን ውሃ ዘበኛው መርዝ ጨመረበት ተባለ። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው እታች ካለው ኩሬ፣ ከብት ከሚጠጣበት፣ ይቀዱ ጀመር። እህቴ ጋ ድሬሰሩ በዚህ ውሃ የበጠበጠውን ስኳርና ጨው በጣሳ ይዤ ሄድኩ። የተኛችበት ድንኳን ውስጥ እነዚያው ገንዳውን በግራዋ የፈተጉት ሴቶች ከበዋታል።

«አልጠጣም» አለች። ድምጿ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ግትርነቷ ግን ግራም እንኳ አልቀነሰም።

«አብሽሪ እታለም፣ መድኃኒት ነው። ካልጠጣሽ ትሞቻለሽ።»

«ሸቷል።»

«እንዲሸት ነው። ሲሸት ነው ደግ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የሸተተ ነገር ደግ ነው ሲባል አልሰማሁም።» ዓይኗን ከፈተችና አየችኝ። «ለጌታህ ስትቀምስ ኖረሃል። ለኔ ቅመስልኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። መሐላዬን ታውቃለች፤ ቤቱ የተወረሰ ሰሞን በኩራት የነገርኳት ለእሷ ነው። ከጣሳው እጠጣለሁ አልኳት። «እንደዚያ አይደለም» አለች። «እንደ ወጉ።»

መሐላ መሐላ ነው ብዬ ልወጣ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ እጇን አየሁት፤ ቆዳው እንደ ደረቀ ቅጠል። ጎንበስ አልኩ፣ ከጣሳው መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁ፣ እሷ እያየች ቀመስኩ። ትንሽ ይመርራል፣ ጨውና ስኳሩ አለ፣ ክሎሪኑም አለ። ጣሳውን ተቀበለችኝና ጠጣች። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ «ለኔም» አለች። ቀመስኩ። ቀጥሎ ያለችውም።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ገንዳው ዳር እየቆምኩ እንስራ ይዛ ለመጣች ሁሉ በመዳፌ ቀምሻለሁ። ኩሬውን ተዉት። ተቅማጡም ቀስ እያለ ቀነሰ። ካድሬው ስብሰባ ጠርቶ ትክክለኛውን ክሎሪን የመረጠው የሕዝቡ ንቃት ነው አለ። ክኒኑን ማለቱ ነው። አጨበጨብን። የምናጨበጭብለት ክኒን የቆምንበት መሬት ሥር ተቀብሯል።

እህቴ ዳነች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፣ አንድ ቀንም አላመሰገነችኝም። ቤቴ በመጣች ቁጥር ጠላ ስቀዳላት ዋንጫውን ሳትነካው ቁጭ ትላለች። እኔ እያጉረመረምኩ መዳፌ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ታነሣዋለች።