ያለሁበትን ብራንች ያየልኝ ስክሪፕት

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬ «አልልክም!» አለኝ። እንኳንም አለ!

እኔና ባልደረባዬ ጫልቱ፣ አምቦ ተቀምጠን፣ ለባኮና ለጌዶ ገበሬዎች የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ቀንን በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ፕሮግራም እንሠራለን።

ትናንት መሞከሪያው ብራንች ላይ፣ ማለትም ዋናውን ሳንነካ በምንለማመድበት የኮዱ ቅጂ ላይ፣ «ዘሩ አልቋል፤ አትምጡ» የሚል የሙከራ መልእክት ጽፌ ነበር።

ዛሬ ረስቼ ወደ ዋናው ሳልመለስ ፕሮግራሙን አዘጋጅቶ እንዲለቅ ኮምፒውተሩን አዘዝኩት። ከወጣ ደግሞ መልእክቱ ለሁሉም ይደርሳል። ቀኑን አስቀድመን ስላሳወቅነው ገበሬው ዘሩን ሊወስድ በጠዋት መንገድ ጀምሯል።

ሥራው ግን መሀል ላይ ቆመና በቀይ ጽሑፍ «ያለኸው መሞከሪያው ብራንች ላይ ነው፤ ወደ ሕዝብ አይወጣም» አለኝ። (ቀይ ጽሑፍ አይቼ ደስ ሲለኝ ገና ዛሬ ነው።)

ይህን የጨመረችው ጫልቱ ናት። ፕሮግራሙን የሚለቀው ስክሪፕት፣ ማለትም በጃቫስክሪፕት የተጻፈው አጭር የትእዛዝ ኮድ፣ መጀመሪያ ያለንበትን ብራንች ስም የኮዱን ቅጂዎች ከሚይዝልን ከጊት ይጠይቃል፤ ዋናው ካልሆነ ያቆማል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወዲያው ደወልኩላት። «ጫልቱ፣ ገለቶሚ! ስንቱን ሰው ከመንገድ ልመልስ ነበር!»

«እኔማ ለራሴ ብዬ ነው የጻፍኩት» ብላ ሳቀች። «ብራንች መቀየር የምረሳው እኔ ነኛ!»

ወደ ዋናው ብራንች ተመልሼ ትክክለኛውን መልእክት፣ «ዘሩ ዛሬ ይታደላል» የሚለውን፣ ለቀቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ከገበሬዎቹ አንዱ፣ ኦቦ ደበላ፣ ከባኮ ደወሉ። «ዘራችንን ተረክበናል። መልእክታችሁ አላሳሳተንም፤ ተባረኩ ልጆቼ» አሉኝ። አሜን ብዬ ምርቃቱን ሳላስቀር ለጫልቱ አደረስኩ።

እናንተንስ ሳታውቁት ከጉድ ያወጣችሁ ባልደረባ አለ? እስቲ እዚህ አመስግኑልን።