ሁለት ቁጥር የነበረው ፕሮሰስ

ከሚሊኒየሙ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ ሐረር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል እሠራ ነበር። ሦስት ነበርን። ኃላፊያችን ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ በደብዳቤ አጻጻፍ የማይታሙ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው ጀጎል ተወልደው ያረጁ ቴክኒሻን ናቸው፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ቅድመ አያቴ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ አቦከር ሰፈር ያደግሁ፣ ፕሮግራም መጻፍ በከተማው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ የማይመስለኝ ልጅ።

ያለን አንድ ትልቅ ሰርቨር ነበር። የተማሪዎች ውጤት፣ ቤተ መጻሕፍቱና የሠራተኛው ማኅደር ሁሉም እሱ ላይ ተጭነዋል። አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን በየራሱ ኮንቴይነር ልክተተው ብዬ ኃላፊያችንን ጠየቅኋቸው።

«ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ነው የሚመጣው?» አሉኝ።

የቆርቆሮ ሣጥን አለመሆኑን፣ አንድ ማሽን ውስጥ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚለያይ አጥር መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ «ብቻ እንዳይበላሽ» ብለው ፈቀዱ።

የውጤቱ ሲስተም ክፉ አመል ነበረው። መምህራን ማርክ ሲያስገቡ ከውስጡ ካሉት ፕሮሰሶች አንዱ ድንገት ይደርቃል፤ አይሠራም፣ አይሞትም፣ ሜሞሪውን ግን ይበላል። በሩጫ ሄጄ ቁጥሩን ፈልጌ መግደል ነበረብኝ። መግደል ስል እኛ የምንለው ነው፤ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ፕሮሰስ ይባላል፣ የማሽኑ ልብ የሆነው ከርነል ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ያን ቁጥር ጠርተው «ግደል» ሲሉት ይገድላል። ሩጫው ሲሰለቸኝ ዘበኛ ብዬ የጠራሁትን ፕሮግራም ጻፍኩ። በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ረዳት ፕሮግራም የደረቀውን አይታ ቁጥሩን ፋይል ላይ ትጽፋለች። ዘበኛው ከውጭ ሆኖ ያን ቁጥር አንብቦ ይገድላል፤ «ገደልኩ» ብሎም ይመዘግባል። ኮንቴይነር በሌለበት በራሴ ላፕቶፕ ሞከርኩት፤ እንደ ሰዓት ሠራ። ሰርቨሩ ላይ ጫንኩት።

በሳምንቱ መዝገቡን ስከፍት «61 ገደልኩ» ይላል። ወደ ኮንቴይነሩ ገብቼ ሳይ ግን 61 ቁጭ ብሏል፤ ያው የደረቀው። ዘበኛው ሦስት ጊዜ እንዲገድል አደረግሁት። «ገደልኩ፣ ገደልኩ፣ ገደልኩ» አለ። 61 እንደተቀመጠ ነው። ትእዛዙን ቀየርኩ፣ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፍኩ፣ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ። መብራት ይሄዳል፣ ሲመጣ ኢንተርኔቱ የለም፣ እሱ ሲመጣ ደግሞ አንዲት ገጽ ለመክፈት አንድ ምሳ ያህል ያስጠብቃል። ዓይኔ እያየ የሚዋሸኝን ነገር ለማን እንደምከስ ጠፋኝ። እናቴ «ከማን ተጣልተሽ ነው?» ትለኝ ጀመር።

ከዚያ የማርክ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ደረሰ። መምህራኑ በሙሉ በየቢሮው ተቀምጠው እያስገቡ ሳለ ማርኩ ሁሉ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ቀጥ አለ። አስነሳሁት። አንድ ሰዓት ሳይሞላው እንደገና ቆመ። አንዲት መምህርት የማርክ ወረቀቶቿን ታቅፋ መጣች።

«ከጠዋት ጀምሮ ያስገባሁት የት ሄደ?»

ኃላፊያችን ከኋላዋ ገቡ። «ምንድን ነው የሆነው?» አሉ፣ እኔን እያዩ።

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል። «ጠዋት ጋሼ የዩፒኤሱን ባትሪ ሲቀይሩ ነበር» አልኩ። ይኸው ነው። ውሸት አልነበረም፤ መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆየውን ባትሪ ቀይረዋል። ግን ማሽኑ ለአንዲት ደቂቃም እንዳልጠፋ አውቅ ነበር።

ጋሼ ብድግ አሉ። «አቦ! ባትሪውና ይሄ ምን አገናኘው? ማሽኑ መቼ ጠፋ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ተናገሪ እንጂ፤ ጠፍቷል?»

«እንጃ፣ ኃይል ዋዥቆ ይሆናል» አልኩ።

በማግሥቱ ጋሼ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። በጥንቃቄ ጉድለት ይላል። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

እውነቱን ያወቅኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ዳታቤዙ የቆመበትን ደቂቃ ከዘበኛው መዝገብ ጋር ሳስተያይ «1894 ገደልኩ» የሚል አገኘሁ፤ ደቂቃው አንድ ነው። ወደ ኮንቴይነሩ ገባሁ፤ 1894 የውጤቱ ፕሮሰስ ነው፣ ደርቆ ተቀምጧል። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንኑ የደረቀ ፕሮሰስ ከኮንቴይነሩ ውጭ ሆኜ፣ በተነሣበት ሰዓትና በሚበላው ሜሞሪ አንድ በአንድ እያስተያየሁ ፈለግሁት። ቁጥሩ 20417 ነበር።

ኮንቴይነር ሲፈጠር ከርነሉ ለእሱ ብቻ ከአንድ ጀምሮ አዲስ ቆጠራ ይከፍታል። አንዱን ፕሮሰስ ከኮንቴይነሩ ውስጥ ሆነው ሲያዩት 1894፣ ውጭ ሆነው ሲያዩት 20417 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ረዳቷ የውስጡን ቁጥር ትጽፋለች፣ ዘበኛው ግን ውጭ ቆሞ የውጩን 1894 ይገድላል። እስከዚያ ቀን የሚገድለው ቁጥር በውጭ በኩል የከርነሉ የራሱ ሠራተኛ ስለነበረ ትእዛዙን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። ያን ቀን ግን በውጩ ቆጠራ 1894 ዳታቤዙ ነበር። ሳስነሳው አዲስ ቁጥር ያዘ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ደግሞ የሌላ የደረቀ ፕሮሰስ ቁጥር እንደ አጋጣሚ እሱ ላይ ወደቀ። መዝገቡ ላይ እሱም አለ። ዘበኛው ዋሽቶኝ አያውቅም፤ ያልኩትን ሁሉ ገድሏል።

የውስጡን ቁጥር ወደ ውጩ መተርጎም ቀላል መስሎኝ ነበር። በስም ልፈልገው አልኩ፤ ያው ስም ያላቸው ስድስት ናቸው፣ የቱ እንደደረቀ አይለይም። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ጽሑፍ ከርነሉ ስለ እያንዳንዱ ፕሮሰስ በሚያሳየው መረጃ ውስጥ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የያዘች መስመር አለች አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። መስመሯ የለችም። የእኛ ከርነል እሷ ሳትጨመር በፊት የወጣ ነው። ይታደስ ብዬ ኃላፊያችንን ለመንኩ።

«ሲሠራ የኖረን ነገር አትነካኪ» አሉኝ። «ደግሞ ጥፋቱ የባትሪ ነው ተብሎ ተዘግቷል።»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። መጀመሪያ ላስተካክል፣ ከዚያ እናገራለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሌላ ነገር ሳነብ ነው። ቁጥሩን ጽሑፍ አድርጎ ፋይል ላይ የሚጽፍ ሰው ትርጉሙን ራሱ ይወጣው። ፕሮሰሱ ራሱ ሶኬት በሚባለው መገናኛ ለዘበኛው መልእክት ከላከ ግን፣ ከርነሉ የላኪውን ማንነት በተቀባዩ ቆጠራ አድርጎ ማያያዝ ይችላል። ላኪው 1894 ነኝ ቢልም ዘበኛው ዘንድ 20417 ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮሰስ በየአሥር ሰከንዱ «አለሁ» እንዲል አደረግሁ፤ ዘበኛው የእያንዳንዱን የውጭ ቁጥር ይይዛል፣ «አለሁ» ማለቱን ያቆመውን ይገድላል። በየመሐሉ መብራት እየሄደብኝ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በአሥረኛው ቀን አንዱ ደረቀ፣ ዘበኛው ገደለው፣ ወደ ኮንቴይነሩ ገብቼ ስፈልገው የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ያሰብኩት ግን ደብዳቤውን ነው።

ጋሼ ያን ሳምንት ፈቃድ ወስደው ነበር። ቤታቸውን ስለማውቀው ከአቦከር በእግሬ ሄድኩ። ቤት የሉም፣ ጊደር መጋላ ገበያ ወርደዋል አሉኝ። በርበሬ ከምትሸጥ አንዲት ሴት ጋር ዋጋ ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ዳታቤዙን ያቆመው የእኔ ፕሮግራም ነው።»

በርበሬውን መልሰው አስቀመጡ። «ባትሪው እንዳልሆነ ወላሂ ያን ቀንም አውቅ ነበር» አሉ። «አንቺም ታውቂ ነበር። የማላውቀው ምን እንደሆነ ነው። ንገሪኝ።»

እዚያው ከእህል ጆንያዎቹ አጠገብ ቆመን ነገርኳቸው። ውስጥ ሌላ ቁጥር፣ ውጭ ሌላ ቁጥር። በጥሞና ሰሙኝ።

«እና ቁጥሩን የሚተረጉም ሳታቆሚ ነው ሰይፍ የሰጠሽው?»

«አዎ።»

«እሺ፣ ይሄ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። ማሽኑ ጠፍቷል ወይ ብዬ ስጠይቅሽ እንጃ ያልሽው ግን ስህተት አይደለም።» በርበሬውን እንደገና አነሱ። «ለእኔ የነገርሽኝን ለኃላፊው በጽሑፍ ስጪው። ከዚያ እንነጋገራለን።»

በማግሥቱ ሁለት ገጽ ጽፌ አስገባሁ። ኃላፊያችን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ደብዳቤው እኮ ቁጥር ተሰጥቶት ወጪ ሆኗል። ግልባጩ አስተዳደር ሄዷል።»

«ይሰረዛ።»

«ወጪ የሆነ ደብዳቤ አይሰረዝም። በኮሚቴ ታይቶ ይመለሳል።»

ኮሚቴው ለመሰብሰብ ወራት ፈጀ። አንዴ ሰብሳቢው የለም፣ አንዴ ቃለ ጉባኤ ያዡ ለስልጠና ሄዷል። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃለሁ፣ በየሳምንቱ «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። በመጨረሻ ውሳኔው ወጣ፤ ማስጠንቀቂያው ይሰረዝ አይልም፣ የእኔ ጽሑፍ ከጋሼ ፋይል ጋር ይያያዝ ይላል። ለእኔ ማስጠንቀቂያ እንኳ አልጻፉልኝም። ራሷ ስለተናገረች ተብሎ።

ውሳኔውን ይዤ ሄጄ ለጋሼ አሳየኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ «አልሐምዱሊላህ፣ ቢያንስ እውነቱ ከጎኑ አለ» አሉና መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ እናቴ ስትታመምም ቤት ድረስ መጥተው ጠይቀዋታል። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ግን እኔ ካለሁ አይገቡም ነበር። ባትሪ የሚቀየር ሲሆን በሩ ላይ ቆመው «ጨርሰሻል?» ይላሉ፤ እኔም ሥራዬን ባልጨርስ እንኳ ላፕቶፔን አንሥቼ እወጣላቸዋለሁ።