በዋንጫው ግብዣ ወንበር ያልደረሰን

በረኛ ነኝ ስል አልዋሸሁም። በረኛ ነበርኩ፤ ግን ሁለተኛው በረኛ። የማንያታ ሠፈር ክለባችን የመጀመሪያው በረኛ ታሞም ተጎድቶም የማያውቅ ጎረምሳ ስለነበር፣ እኔ ሜዳ የምረግጠው ለማሟሟቅ ብቻ ነው። ጨዋታው ሲጀመር ጃኬቴን ደርቤ ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ሲያልቅ ከሁሉም ቀድሜ ተነሥቼ መረቡን እፈታለሁ።

አባቴ ይህን አያውቅም። ወደ ኬንያው ሞያሌ ከተሻገርን ጀምሮ መንገድ ዳር ትንሽ ሆቴል ነበረችው። ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ነው፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቤቱን የሚሞሉበት ሰዓት። አንድም ቀን ሜዳ መጥቶ አያውቅም። ስመለስ «እንዴት ሆናችሁ?» ይለኛል። «አሸነፍን» እለዋለሁ። «ስንት አዳንክ?» ሲለኝ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር መፍታት እጀምራለሁ። ለሾፌሮቹ «የክለቡ በረኛ እኮ ልጄ ነው» ሲላቸው ጓዳ ሆኜ እሰማና ጆሮዬ ይግላል።

ጠርዝ ላይ ብቻዬን አልነበርኩም። አንደኛው ወጌሻችን ናቸው፤ ብዙ ዘመን በስደተኛ ካምፕ ኖረው ሞያሌ የቀሩ ያገራችን ሰው። በሥራ ቀን ጎሚስታ፣ እሑድ እሑድ የተጫዋች ቁርጭምጭሚት አሺ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሌላዋ ማሊያ የምታጥብልን የቦረና ሴት ናት። በኦሮምኛ እናትንም ታላቅ እህትንም በሚያከብሩበት ቃል ሁላችንም «አዴ» እንላታለን። ኡራን የምትባል መንደር ድረስ ለጨዋታ ስንሄድ ተጫዋቾቹ ሎሪው ላይ ከፊት፣ አቧራው በማይደርስበት ይቆማሉ፤ እኛ ሦስታችን ከኋላ ከጀሪካኑና ከማሊያው ጆንያ ጋር። አንድ ቀን ከዚያ ስንመለስ አዴ ማሊያ ስትሰበስብ የኔን ያዝኩባት።

«ይሄ አልቆሸሸም፣ አትልፊ» አልኳት።

«ስጠኝ» አለችኝ። «ካልታጠበ ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል። ያስታውቅብሃል።»

ሰጠኋት። እስከ ሞያሌ ድረስ ቀና ብዬ አላየኋትም።

በዚያው ዓመት ክለባችን የከተማውን ዋንጫ በላ። ጨርቅ ነጋዴ የነበረው ሊቀ መንበራችን ለቡድኑ ምሳ እጋብዛለሁ አለ። ቦታ ሲመረጥ ከሁሉ ሆቴል የአባቴ ተመረጠ። አባቴ የሚሆነውን አጣ። ግድግዳ አስቀባ፣ ከጎረቤት ወንበር ተበደረ፣ የእስላሙንና የክርስቲያኑን ሥጋ በሁለት ድስት ለየብቻ አሠራ። አሠልጣኙም ልምምድ ላይ «እሑድ ሁላችሁም፣ አንድም ሰው እንዳይቀር» ብሎ ነበር። እኔም ያለችኝን ደህና ሸሚዝ ለበስኩ።

እንግዳው ግን ከታሰበው በላይ መጣ። ሹማምንቱ፣ ነጋዴዎቹ፣ የነጋዴዎቹ ወዳጆች። ዋናዎቹ ተጫዋቾች ዋንጫውን ከበው ተቀመጡ፣ ሌላው ወንበር በእንግዳ ሞላ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። አንድ የማላውቀው ሰውዬ ባዶ ብርጭቆ ዘረጋልኝና «ሶዳ ጨምርልኝ» አለ። ተቀብዬ ሄድኩ። ባዶ እጅ ይዞ ከመቆም ትሪ ይዞ መዞር ይቀላል፤ አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆሚያ አጣሁ።

አባቴ ሥጋ ሲያቀርብ ሊቀ መንበሩ ወደኔ አመለከተ። «ምዜ፣» አለው፣ በስዋሂሊ ትልቅ ሰው እንደሚጠራው፣ «ይሄ አስተናጋጅህ ፈጣን ነው። ከየት አገኘኸው?»

አባቴ ቀልድ መሰለው። ሳቀ። «ምን አስተናጋጅ! ልጄ ነው እንጂ። በረኛችሁ!»

ሊቀ መንበሩም ሳቀና ዋንጫው ሥር የተቀመጠውን ጎረምሳ ትከሻ መታ መታ አደረገ። «በረኛችንማ ይኸው!»

አባቴ ጎረምሳውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። አምበላችን ሊያግዘኝ ብሎ «እሱም የኛ ነው፤ ተጠባባቂ ነው» አለ። ሊቀ መንበሩ ደነገጠ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። «ውይ! ታዲያ ተቀመጥ እንጂ!» ብሎ ዞር ዞር አለ። ወንበር የለም።

«ግድ የለም» አልኩ። «አባቴን እያገዝኩ ነው።»

ይኸኔ አዴና ጋሼ በሩ ላይ ደረሱ። አዴ ለፎቶ የሚለበሱትን ማሊያዎች ተኩሳ፣ አጣጥፋ ታቅፋለች። አዲስ ሻሽ አስራለች። ጋሼ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰዋል። ከክለቡ ኮሚቴ አንዱ ማሊያዎቹን ከደጅ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ሁለቱ እዚያው ቆሙ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ቆየት ብለው መልሰው አደረጉት።

«እነዚያስ?» አለኝ አባቴ።

«የክለቡ ናቸው።»

«ተጠርተዋል?»

«ሁላችንም ተጠርተናል» አልኩት።

አየኝ። ምን እንደሆንኩ የገባው ያኔ ይመስለኛል። ትሪውን ከእጄ ወሰደና ወጥቶ በጓሮ በር አስገባቸው፤ እኔንም በዓይኑ ጠራኝ።

ወጥ ቤት ገብተን የእስላሙን ድስት ክዳን ሲያነሣ ጭልፋው ከድስቱ ቂጥ ጋር ተንኳኳ። ተጠርጎ አልቋል፤ ተጫዋቾቻችን አብዛኞቹ እስላሞች ናቸው። በክርስቲያኑ ድስት ለሁለት ሰው የሚሆን ነበር። አዴ እስላም ናት፤ ነገሩ ገብቷት «እኔን ተወኝ፣ ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት» አለች። እንደዚያ ለብሶ ለግብዣ የሚመጣ ሰው ቤቱ በልቶ አይመጣም። አባቴ ሁለተኛውንም ድስት ከደነው። ጋሼ ክዳኑን አንዴ አየት አድርገው ዓይናቸውን መለሱ። አባቴ እንቁላል ሰብሮ ጠበሰ፣ ቻፓቲ ቂጣ አሞቀ፣ አንድ ትሪ ላይ አቀረበና ከኛው ጋር ተቀመጠ።

«እኔም ዛሬ ሥጋ አላሰኘኝም» አለ።

ከአዳራሹ ጭብጨባ ይሰማል። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ በስማቸው እየተጠሩ ከዋንጫው ጋር ፎቶ ይነሣሉ። ስም በተጠራ ቁጥር ጋሼ ማኘክ አቁመው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። እስከ መጨረሻው እንዲያ አደረጉ። አባቴ ማወቁ አሳፈረኝ። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነበር፤ ከሁለቱ ጋር አንድ ትሪ ላይ መቆጠሬ አሳፍሮኛል። ልብሴን አጥበው፣ እግሬን አሽተው የኖሩ ሰዎች አጠገብ ተቀምጬ፣ ጓደኞቼ በበሩ አልፈው እንዳያዩኝ እየጸለይኩ ነበር።

አባቴ ድስቱን አጠበ፣ የተዋሰውን ወንበር መለሰ። በሚቀጥለው ልምምድ ቀን ግን ሆቴሉን ዘግቶ ሜዳ መጣና ከጎሉ ጀርባ ቆመ። ዋናው በረኛ እስኪሟሟቅ ድረስ ኳስ የሚመታው በኔ ላይ ነው። ወደ ቤት ስንሄድ ብዙ ከተራመድን በኋላ፣

«ጥሩ ትይዛለህ» አለኝ።

«ማሟሟቂያ እኮ ነው አባባ።»

«አየሁት። ማሟሟቂያም ቢሆን ትይዛለህ።»

ከዚያ ወዲህ ስንት አዳንክ ብሎኝ አያውቅም። የጠላሁት ጥያቄ ሲቀር ደግሞ ቤቱ ጭር አለብኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ክለቡን ተውኩና ድንበር ላይ ዕቃ ማሻገር ጀመርኩ። ጋሼ ልጃቸው ጋ ናይሮቢ ሄዱ ሲባል ሰማሁ፤ አልተሰናበትኳቸውም።

አስፋልቱ ገብቶ ከተማው ከተለወጠ በኋላ፣ ወተት ተራ አዴን አገኘኋት። ክለቡ ፈርሶ እሷ ወተት ትነግዳለች። ሰላምታችን ሲያልቅ ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የከረመውን አወጣሁት።

«አዴ፣ በዚያ በግብዣው ቀን በጣም አፍሬ ነበር።»

«የቱን ቀን?»

«ዋንጫ የበላን ጊዜ። በር ላይ ቆማችሁ የቀራችሁ ቀን።»

ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። ልታስታውስልኝ ፈልጋለች፤ አልመጣላትም። «እንዲያ ያለ ቀን ስንት ነበር» አለች፣ ሳይከፋት። «አንተ እኮ እኔ ክለቡ ከገባሁ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የመጣኸው።»

ለኔ አንድ ቀን የነበረው ለሷ ሥራዋ ነበር። አባቴን ጠየቀችኝ፤ ደህና ነው አልኳት። የጠራችው ቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል መጣ፤ የወተት ዕቃዋን ጭኗ ላይ አስደግፋ ተቀመጠችና «ሰላም በለው» ብላኝ ሄደች።