የዘሀራ ቬንትሌተርና የመካነ ሰላም ብርድ

ከደሴ የተነሳሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ የእህቴን ቬንትሌተር ልነጥቅ። ዘሀራ ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ያንን ነገር ሳታስጮህ አትተኛም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ራሷን ይዛ ታቃስታለች፣ ያስመልሳታል። እናቴ በስልክ «ንፋሱ ልጄን ሊጨርስብኝ ነው፤ ድረስልኝ!» ስትለኝ ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ። ንፋስ የሚያደርገውን እኔ አጥቼው ነው!

ጉጉፍቱ ላይ

በዚያ ብርዳም ተራራ አንዱ ጎረምሳ የአውቶቡሱን መስኮት ቢከፍት መኪናው ሙሉ ጮኸበት። ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። አቀስታ ወርደን ትኩስ ቅቅል በላን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፤ የበላነውን ሆዳችን ውስጥ ሲንጠው ውሎ መካነ ሰላም ገባን።

እናቴ ቤት

እናቴ የዘሀራን መስኮት ዙሪያውን በጨርቅ ጠቅጥቃዋለች። ብርዱን እንዲያወጣላት ብላ ከመጣች ጀምሮ ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥላ ታስገባላታለች።

«አበጀሽ!» አልኳት። ቬንትሌተሩን ነቅዬ ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት።

«ወንድም ጋሼ፣ እሱ ካልጮኸ እኮ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጅዳ ለምጄው ነው» አለች ዘሀራ።

«አብሽሪ፣ ይለቅሻል!»

መንገደኛ ነህ ተብሎ ሞቃቱ ክፍል ከነከሰሉ ለእኔ ተሰጠኝ። ዘሀራ ከእናቴ ጋር ሳሎን ተኛች።

በማግስቱ

ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። በሩን በዳበሳ ከፍቼ ደጅ ላይ አስታወከኝ። ዘሀራ ውሃ ይዛልኝ ሮጠች፤ እሷ እቴ፣ እንቅልፍ ባይወስዳትም ራሷን ሳያማት ነው ያደረችው!

«ቬንትሌተሩ ጠፍቶ አንተን ምን ነካህ?» አለችኝ።

ተያይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ሁሉን ሰምታ ወደ እናቴ ዞረች።

«እማማ፣ ቬንትሌተሩ ጉሮሮ ያደርቃል፣ አፍንጫ ይዘጋል። ፊቷ ላይ አይንፈስ፣ አቧራውም ይጠረግ። የሚገድለውስ ከሰሉ ነው። ጭሱ ባይታይም መርዝ አለው፤ በተዘጋ ቤት ተኝተው በዚያው የቀሩ ስንት አሉ!»

እናቴ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች። «ያ አላህ! ልጄን በእጄ ልገድላት ነበር?»

ዘሀራ አቀፈቻት። «አበጀሽ!» ያልኳት እኔ አይደለሁ! እንባዬ መጣ።

ቤት እንደገባን ጨርቁን ከመስኮቱ መዘዝኩ። ቬንትሌተሩን ከአልጋው አርቄ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስነሳሁት። ዘሀራ በጠራራ ፀሐይ አልጋዋ ላይ ለጥ አለች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ትንፋሿን ስታዳምጥ ዋለች።

ደሴ

ደሴ ስደርስ ይዘንባል። ሚስቴ ፍም የሞላ ማንደጃ ይዛ ወደ ልጆቹ መኝታ ክፍል ልትገባ ስትል ደረስኩ። ሰላም እንኳ ሳልላት ከእጇ ተቀብዬ ዝናቡ ላይ ደፋሁት።

«አበድክ እንዴ?» አለችኝ።

ልጆቹን አቅፌ እስኪበቃኝ ሳምኳቸው፤ ያየሁትን የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው።