ሁለተኛ የወጣሁባቸው ዓመታት

ደባርቅ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ጋራዤ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ከደጇ ያለው መሬት ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ይህን ሥራ ስጀምር ጢሜ በቅጡ አልበቀለም ነበር፤ አሁን ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ ሳስብ ከሁሉ ቀድሞ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው አንድ ሰው ነው። ወዳጄ ነው፤ ዛሬም ወዳጄ ነው። እኔ ግን ስቀናበት ኖሬያለሁ፤ ይህንን አሁን ብጽፈው ይቀለኛል።

እሱ የዳባት ሰው ነው። ሥራው ነጭ ሽንኩርት ንግድ ነበር። በአሮጌ ሞተሩ ከገጠር ገጠር እየዞረ ከገበሬ ይገዛል፤ ሁለት ጆንያ ከኋላው አስሮ በዚያ ድንጋያማ ቁልቁለት ይወርዳል። ሞተሩ ሲታመም ወደ እኔ ያመጣዋል። በዚህ ተዋወቅን። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ቀስ ያለ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። ሲያዩት ፈጣን አይመስልም።

የሞተር ውድድሩን አቅዶ የጀመረው ሰው የለም። በጥምቀት ማግስት ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ ላይ ፈረስ ይጋለባል፤ ያ የቆየ ነው። አንድ ዓመት ፈረሰኞቹ ሲጨርሱ ሞተር ያለን ጥቂት ሰዎች ለጨዋታ ገብተን ዞርን። ሰዉ ሊበተን ሲል ተመልሶ ቆመ። በዓመቱ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሜዳው ላይ በአመድ ክብ ተሰመረ፤ ድምፅ ማጉያ ተከራየ፤ ለአንደኛ የሚሰጥ ሙክት ተገዛ። አራት ሞተር ባንዴ ይነሳል፣ አራት ዙር ይሮጣል፣ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል። ሕጉ ይኸው ነው። ጥር ላይ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ መታጠፊያው ላይ አቧራው እንደ ግድግዳ ይቆማል። ከአምባራስ ወርደው፣ ዘመድ ቤት አድረው ለማየት የመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ቄሶች ሳይቀሩ ጥላቸውን አጥፈው ጠርዝ ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት እሱ አንደኛ ወጣ፤ እኔ ሁለተኛ። በሁለተኛው ዓመትም እንደዚያው። በሦስተኛውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሞተሩ ከእኔ ይበልጣል ብሎ ይጽናና ነበር። እኔ ያንን ሞተር ቁርጥራጩ እስኪቀር ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ጉልበቱ ከእኔው ያነሰ ነው፤ መሪው በትንሹ ወደ ግራ ይስባል፤ ፒስተኑ ያለቀ ነው። የእኔን ግን ዓመቱን ሙሉ ሳሳምረው ነው የምኖረው። እና በየዓመቱ በዚያ በደከመ ሞተር መታጠፊያው ላይ ያልፈኛል። እኔ ፍጥነት ስቀንስ እሱ አይቀንስም። የኋላ ጎማውን አንሸራቶ፣ ግራ እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ፣ ለጆንያው የሚጨነቀውን ያህል እንኳ ለራሱ ሳይጨነቅ ይዞራል። ከአቧራው ስወጣ ጀርባውን አያለሁ። ያቺ የቆዳ ጃኬቱ ትከሻው ላይ ተቀድዳ የተጣፈችበት ቦታ ሁሉ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ባለቤቴ ሁኔታዬን ታይ ነበር። አንድ ዓመት ከሜዳው ስንመለስ፣ “አንተ ለምንድን ነው ሁለተኛ ስትወጣ ሰው የሞተብህ የምትመስለው?” አለችኝ።

“ደክሞኝ ነው” አልኳት።

“ደግሞ ጥሩ ጋለበ” አለች፣ ስለ እሱ።

ያን ቀን ራቴን አልበላሁም።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የእንግሊዙ ሽማግሌ ነገር ነው። ሰሜን ተራራን ሊያዩ የመጡ እንግዳ ነበሩ፤ ጉዟቸውን ጨርሰው መኪና ሲጠብቁ አስጎብኚያቸው ወደ ሜዳው አመጣቸው። ውድድሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው አዩ። ሲያልቅ አስጎብኚውን ይዘው ወደ እኛ መጡ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እሳቸው አገር ልክ እንደዚህ ያለ ውድድር አለ አሉን፤ አራት ሞተር፣ አራት ዙር፣ ያውም ፍሬን በሌለው ሞተር። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በየሳምንቱ ይሄዱ ነበር፤ ሜዳው ሰው አይችለውም ነበር። ከዚያ የሞተሩ ዋጋ ወጣ፣ የጎማው ወጣ፣ የሜዳው ኪራይ ወጣ። ተመልካቹ አረጀ፤ ልጆቹ ሌላ ነገር ማየት ጀመሩ። የእሳቸው ከተማ ሜዳ ተሸጦ ቤት ተሠራበት።

“አሁን የት ሄደው ያያሉ?” አልኳቸው በአስጎብኚው በኩል።

“ሩቅ ነው። እሱም ለከርሞ ይኑር አይኑር አይታወቅም” አሉ። ከዚያ ወደ ወዳጄ ዞረው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ። እሳቸው አገር ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ስሙ በሰው ሁሉ አፍ ይሆን ነበር አሉት። ፎቶ አነሱት። ከወራት በኋላ ፎቶው በአስጎብኚው በኩል ታትሞ መጣ። እሱ መሐል ላይ ጎማው አፈር እየረጨ ይታያል። በጠርዙ በኩል የአንድ ሞተር የፊት ጎማ አለ። እኔ ነኝ። ከእኔ የተነሳችው ጎማዬ ብቻ ናት።

ፎቶውን ራሴ ነኝ ያደረስኩለት። “አሪፍ ነው” አልኩት። መንገዱን ሙሉ ልቀደው እያሰብኩ ነበር።

ሽማግሌው ስለ አገራቸው ያወሩት እኛ ጋ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። መንገዱ አንዳንዴ መዘጋት ጀመረ፤ እንግዳ መምጣት ቀረ። ቤንዚን ማደያው ጋ ሲመጣ ሰልፉ አስፋልቱን ይዞ ይወርዳል፤ ሳይመጣ ሲቀር በፕላስቲክ ጠርሙስ ከቸርቻሪ ነው የሚገዛው፣ በእጥፍ፣ ያውም ውኃ የተቀላቀለበት። መለዋወጫ ከጎንደር ስናስመጣ የዛሬው ዋጋ ለነገ አይሠራም። ድሮ ለውድድር ብሎ አዲስ ጎማ የሚያስገባ ሰው አሁን የተላጠውን ጎማ በምላጭ አስቆርጦ መስመር ያስወጣለታል። አሥራ ስድስት የነበርነው አሥር ሆንን፣ ቀጥሎ ሰባት። አንዱ ሞተሩን ሸጠ፣ አንዱ ለሥራ ብቻ አስቀመጠው፣ አንዱ ወደ ቆላ ወርዶ ቀረ። ኮሚቴው ድምፅ ማጉያውን ተወ። ሙክቱ ጠቦት ሆነ።

እኔ በዚህ ማዘን ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የማሰላው። መለዋወጫ ከእጄ አይጠፋም፤ እሱ ግን የሽንኩርት ንግዱ ተቀዛቅዞበታል። ሁሉም ነገር እንዲህ ከተወደደ፣ አንድ ቀን በአነዳድ ባይሆን በመለዋወጫ እንኳ እቀድመዋለሁ ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ያ ቀን መጣ። የውድድሩ ዕለት ጠዋት ሰንሰለቱን እንዳጠብቅለት ሞተሩን ይዞ መጣ። ብርድ ነበር፤ ጉሙ ገና ከሊማሊሞ በኩል አልተገፈፈም። ሰንሰለቱን ሳጠብቅ ዓይኔ መሪው ላይ አረፈ። ማርሽ ለማስገባት በግራ እጅ የሚጨበጠው የፍሪሲዮኑ ገመድ ከእጀታው ሥር ተበጣጥሶ፣ በሁለት ወይም በሦስት ክር ብቻ ነበር የተያያዘው። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ አዲስ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ብቻ ነው፣ ለራሴ ያስቀመጥኩት። መቀየር አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

“ሌላ የምታየው ነገር አለ?” አለኝ።

“የለም” አልኩ። “ሂድ፣ ደህና ነው።”

አመስግኖኝ ወጣ። ገመዱን ከግድግዳው አውርጄ መሣቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንዳወረድኩት አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ለፍጻሜው አራት ቀረን። ተመልካቹ ሳስቶ በሰውና በሰው መካከል ሜዳው ይታይ ነበር። ባንዲራው ሲወርድ እሱ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ማርሽ ሲያስገባ ገመዱ ተበጠሰ። ሞተሩ አንዴ ዘሎ ጠፋ። እኔ ተነሳሁ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ብቻዬን ከፊት ዞርኩ፤ ፊቴ ላይ አቧራ የለም፤ ከፊቴ የማንም ጀርባ የለም። ለዓመታት የተመኘሁት ይህን ነበር፤ ደስ የሚልም ነበር፤ አልዋሽም።

ከሜዳው ማዶ ሳለሁ ሕዝቡ ሲጮህ ሰማሁ። ለእኔ መሰለኝ። ዞር ብዬ ሳይ፣ መነሻው ጋ ሞተሩን እየገፋ ሲሮጥ አየሁት። ዘሎ ወጣበት፤ አስነሳው። ከዚያ ፍሪሲዮን በሌለው ሞተር፣ ማርሹን በእግሩ እየመታ እያስገባ፣ ግማሽ ሜዳ ከኋላ ሆኖ መጣ። ሦስተኛውን ሰው አለፈ። ሁለተኛውን በመጨረሻው መታጠፊያ አለፈ። እኔ ቀድሜ ገባሁ፤ እሱ ሁለተኛ። ሰዉ እየሮጠ አልፎኝ ሄደና እሱን ከነሞተሩ ከበበው። ትከሻቸው ላይ አወጡት። የኮሚቴው ሰብሳቢ የጠቦቱን ገመድ እጄ ላይ አስይዘውኝ እሳቸውም ወደዚያ ሄዱ። ጠቦቱና እኔ ብቻችንን ቆምን።

በማግስቱ ወደ ጋራዡ መጣ። ቅር ያለው አይመስልም፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

“እንኳን ደስ ያለህ” አለኝ። “ትናንት ሕዝቡ አላስደርስ ብሎኝ ነው።”

“ምን ሆኖብህ ነው?” አልኩት፣ እንደማያውቅ።

“ገመዱ ነዋ። ሊበጠስ እንደደረሰ አውቄ ነበር። ከሳምንት በፊት ነው ያየሁት።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“መግዣ አልነበረኝም። ብነግርህ ደግሞ የራስህን አውጥተህ በነፃ እንደምትገጥምልኝ አውቃለሁ። ባንተ ላይ እንዲያ ማድረግ አልፈለግሁም። ሰንሰለቱን ስታይ ገመዱን እንዳታየው እየጸለይኩ ነበር።”

እጄ ላይ የነበረውን መፍቻ አስቀመጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ የቀናሁበት በአነዳዱ ነበር። አሁን ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው በመሆኑ ቀናሁበት፤ ያኛው ቀለል ይል ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ነገር ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እኔን ደግ አድርጎ ሲያየኝ መቋቋም አቃተኝ።

“አይቼዋለሁ” አልኩት።

“ምኑን?”

“ገመዱን። ጠዋት አይቼዋለሁ። አዲስ ነበረኝ።” መሣቢያውን ከፍቼ አሳየሁት።

ገመዱን አየ፤ እኔን አየ። ከውጭ የመናኸሪያው ረዳት ዳባት፣ ዳባት እያለ ይጣራል። መጨረሻ ላይ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ።

“ብወድቅስ?” አለ።

“አላሰብኩትም።”

“ማሰብ ነበረብህ” አለና ወጣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ሦስት ሳምንት አልመጣም። ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ልትሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ጠቦቱን አርደን እሱንና ሚስቱን እንጥራ አለች። “አይመጣም” አልኳት። “ጥራው እንጂ፣ መምጣት አለመምጣቱ የእሱ ነው” አለችኝ። ዳባት ድረስ ሄጄ ጠራሁት። እሁድ ከሚስቱ ጋር መጡ። የገመዱ ነገር አልተነሳም። ሥጋውን ሲበላ አንዴ ቀና ብሎ፣ “ያንን መታጠፊያ ግን አሁንም ቀድመህ ነው ፍጥነት የምትቀንሰው” አለኝ። ሚስቶቻችን ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን እንደድሮው ቆጠቆጠኝ።

በዓመቱ ኮሚቴው ሻይ ቤት ተሰበሰበ። የተመዘገብነው ሦስት ሰዎች ነን። ሰብሳቢው፣ “በሦስት ሰው ምን ይደረጋል? ለቤንዚኑ እንኳ የሚያዋጣ ጠፋ” አሉ። ሻያችንን ጠጥተን ተለያየን፤ ውድድሩ ያለቀው በዚያ ነው። ሜዳው ላይ ፈረሱ እንጂ ሞተር አልተመለሰም።

እሱም ሞተሩን ለአንድ የዛሪማ ሰው ሸጠው። ከመሸጡ በፊት አደስኩለት፤ አዲስ ገመድም ገጠምኩለት፤ ዋጋውን ሊሰጠኝ ሲል አልተቀበልኩም። ገዢው አስነስቶ ቁልቁል ሲሄድ ሁለታችንም መንገዱ ዳር ቆመን ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጥን። ይኸው አሁን የሚቀድመኝ ሞተር የለም ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። የእኔም ሞተር ከዚያ ወዲህ ለምን እንደሚታጠብ፣ ለምን እንደሚስተካከል ጠፋብኝ።

አሁን እሱ ዳባት ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው የገበያ ቀን ለሥራ ወርጄ በእሱ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ከኋላ ከአጠገቤ አንዲት እናት ዶሮ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከገበያው ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ላይ ድንጋይ የበዛበት አንድ ኩርባ አለ። ሌላው ባለባጃጅ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ይቆማል ማለት ይቻላል። እሱ ግን ምንም ሳይቀንስ፣ ከዘራፍ ባይነት በራቀ ለስላሳ አያያዝ፣ ዶሮዋ እንኳ ሳትንፈራገጥ ባጃጇን አዞራት።

“ልጄ፣ እጅህ ይባረክ” አሉት እናትየዋ።

እኔ ከኋላ ሆኜ መሪውን የያዘበትን እጁን ነበር የማየው፤ የት ላይ እንደሚያጠብቅ፣ የት ላይ እንደሚለቅ። ጤና ጣቢያው ጋ ስንደርስ እናትየዋ ወረዱ። እኔ ግን መውረጃዬን አሳልፌ፣ “እስኪ አንዴ በዚያው ኩርባ ተመለስ” አልኩት።